አባባ ቃላቸውን የሰጡበት ቀን

ፖሊሶች ከማስተምርበት ክፍል አውጥተው ነው የወሰዱኝ፤ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ከሚዛን ከተማ ብዙም ሳንርቅ፣ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ አስገቡኝ። ሲሚንቶው ላይ የቡና ገለባ ተጣብቋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ለመደማመጥ መጮህ ያስፈልግ ነበር። በአካባቢያችን ግጭት ተነስቶ ስለነበር እስረኞቹም ተከፍለዋል፤ የአንዱ ወገን በቀኝ ግድግዳ፣ የሌላው በግራ።

«አንተ የየትኛው ነህ?» አሉኝ ገና ስገባ።

መሀል ላይ ብቻቸውን ከተቀመጡ ሽማግሌ አጠገብ አረፍኩ። ከጌጫ ወዲህ ባለው ጫካ የንብ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ወረቀት ይዞ መጣ። «አባባ፣ ቃልዎ ነው። ከሰዓት ስመለስ በጣትዎ ይፈርማሉ» ብሎ ሰጥቷቸው ወጣ። ማንበብ ስለማይችሉ ወደ እኔ ዘረጉት።

«ለፀረ ሰላም ኃይሎች የሎጂስቲክስ ድጋፍ በማድረግ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሎጂስቲክስ ምንድን ነው መምህር?»

«እርስዎ ሰጡ የተባለው ነገር ነው። ምን ነበር የሰጡት?»

«ውሃ።»

«እንግዲያው ውሃ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ውሃ አላሉም? ኃይሎችስ?»

«ሰዎች።»

ከግራው ግድግዳ አንዱ፣ «ለየትኛው ወገን ነው የሰጡት?» ሲል ጠየቃቸው።

«እነዚያ ጠዋት መጡ፤ እነዚህ ከሰዓት መጡ። እኔ ሁለት አላየሁም ልጄ። ጥም ነው ያየሁት።»

ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ አየኋቸው። ወጣትነቴን ሙሉ፣ ዓለምን ለሁለት የማይሰነጥቅ ጥበብ ከመጻሕፍት ስፈልግ ኖሬያለሁ። ተማሪ «ውሃ» ከሚል ይልቅ «ሎጂስቲክስ» ሲል ነጥብ የምጨምረውም እኔው ነበርኩ። ወረቀቱን ገልብጬ፣ ኪሴ ውስጥ በቀረው እስክሪብቶ በጀርባው እንደ አዲስ መጻፍ ጀመርኩ።

«‹ድጋፍ›ን ተወው፤ ‹ሰጠሁ› በል» አለ ከቀኝ አንዱ፣ እየተጠጋ።

«‹ሰዎች› ብቻ አይበቃም፤ ‹የተጠሙ› ጨምርበት» አለው የግራው።

በዝናቡ ላይ እየጮኹ ሲከራከሩ፣ እርስ በርስ መነጋገራቸውን ልብ ያለ አልነበረም። ከዚያ «የእኔንም አንብብልኝ» የሚለው በዛ። ከሁለቱም ግድግዳ የአንድ የአንድ ሰው ክስ አነበብኩ። ትልልቁ ቃል ሲራገፍ ሁለቱም ያው ሆኑ፤ «በግጭቱ መንገድ ሲዘጋ እዚያ ነበር» የሚል ብቻ። ሁለቱ ተከሳሾች ተያዩና ሳቁ።

ከሰዓት መርማሪው መጥቶ የወረቀቱን ጀርባ አነበበ። «የተጠሙ ሰዎች ቤቴ መጡ። ውሃ ሰጠኋቸው።»

«የሚፈርሙት ከፊት ነው» አለ።

«የፊቱን አላልኩም። ያልኩት ይሄን ነው።»

«ይከብድብዎታል አባባ።»

«ይክበድ።»

አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉና ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ሥር አተሙ። መርማሪው ወረቀቱን አጣጥፎ ወጣ።

በእርግጥም ከበደባቸው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ወር ቆይተው ነው የተፈቱት።

ያን ጥበብ አገኘሁት አልልም። ዛሬም ስፈራ ወገን እመርጣለሁ። ትምህርት ቤታችን ስብሰባ ሲኖር ግን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ባልደረቦቼ ሁለት ሦስት መስመሯን ያነቡና፣ «ይቺ ብቻ ናት?» ይሉኛል።

«ይቺ ናት» እላለሁ።