ሦስት ጫማ ጥላ

ፈንታነሽ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ሰርቃለች። የሰረቀችውም ሦስት ጫማ ጥላ ነው።

ቤቷ ከገሳይ አፋፍ ላይ፣ የጉና ነፋስ በሚወርድበት በኩል ነበር። ባሏ ሙላቴ ዘምቶ ቆላ ላይ በንዳድ ሲሞት ሁለት ነገር ተወላት፤ ውዴ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅና ወይራ ሥር የሚሉት የገብስ ማሳ። ማሳው ሰፊ አይደለም። ግን ጥግ ስለሆነ ውርጭ አያገኘውም። በዚያ አገር ውርጭ የማያገኘው መሬት ያለው ሰው ልጁን አያስርብም።

የሙላቴ ወንድም ዘውዱ ይህን ያውቃል። በአርባው ተዝካር ቀን፣ ካህናቱ ገና ከማዕድ ሳይነሡ፣ ብድግ ብሎ፣ «ይህች ልጅ የወንድሜ ዘር አይደለችም። እስቲ አፍንጫዋን እዩት!» አለ። ፈንታነሽ ለእንግዳ የያዘችውን ዋንጫ ጠላ ፊቱ ላይ ደፋችበት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዳኛ ፊት ካልሆነ በቀር አልተነጋገሩም። ነገሩ ከቀጠሮ ቀጠሮ ሲንከባለል ሁለት ዓመት ሞላው።

ዘውዱ የደብረ ታቦሩ ምስለኔ መልእክተኛ ነበር። ረጅም፣ ደረቅ፣ ቅልጥሙ የተላጠ እንጨት የመሰለ ሰው ነው። በሁለት ነገር ስሙ ይጠራል፤ በእግሩና በጾሙ። ደብዳቤ ከተሰጠው በቅሎ አይቀድመውም ይባላል። ሁዳዴ ከገባ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ ጉሮሮውን አያልፍም። ቄሶች ሰነፍ ጿሚ ሲገሥጹ እሱን ይጠሩ ነበር። «ዘውዱ እየሮጠ ይጾም የለም እንዴ? አንተ ተቀምጠህ ያቅትህ?»

በ1858 ዓ.ም. ሁዳዴ፣ መጋቢት ላይ፣ ምስለኔው ሁለቱንም አስጠሯቸው። ክፉ ዘመን ነበር። ወታደር በየገበሬው ቤት ሰፍሮ የዘር እህሉን ሳይቀር ይበላል። ከዚያ በፊት የተላኩት ሁለት መልእክተኞች ደብዳቤ እንደያዙ ጠፍተው ቀርተዋል።

ምስለኔ ደምሴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን በእንጨት ይፍቃሉ።

«ዘውዱ፣ ይህ ደብዳቤ ነገ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከዚህ ይነሣል። ማክሰኞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋድላ ካለው የጦር ሰፈር ይገባል። ዋስ ጥራ።»

«ዋስ የለኝም ጌታዬ። ዘመዶቼ ሁሉ ዋስ ሲባል ታመዋል።»

የቆሙት ሳቁ። ምስለኔው አልሳቁም።

«ወይራ ሥር የማን ነው?»

«የኔ!» አለ ዘውዱ።

«የልጄ ነው ጌታዬ» አለች ፈንታነሽ።

«እንግዲያ ዋሱ መሬቱ ይሁን። ደብዳቤው ካልደረሰ መሬቱን ለወታደር እሰጠዋለሁ፤ እናንተም ከሙግት ታርፋላችሁ። አንቺ ሴትዮ፣ ስንቁን ይዘሽ ተከተይው። ቢተኛ ቀስቅሺው። ቢወድቅ አንሺው። ቢጠፋ ደግሞ...» እንጨቱን ተፉት። «ቢጠፋ ልጅሽን ይዘሽ የምትለምኚበትን አገር ከወዲሁ ምረጪ።»

ከግቢው ሲወጡ ዘውዱ ሳይዞር ተናገራት።

«ካንቺ እጅ ከሚቆይ ወታደር ቢወስደው ይሻለኛል።»

«ታዲያ ቁጭ በላ!»

«ቁጭማ አልልም። ዘውዱ ቀረ አይባልም።»

የያዘችው ተስፋ ይህ ብቻ ነበር፤ የሚጠላት ሰው ኩራት።

ከጎረቤቷ ከጥሩወርቅ አንዲት አሮጌ በቅሎ ተዋሰች። በሶ አስፈጨች፤ ቆሎ፣ ጨው፣ የተፈጨ ተልባ፣ ሁለት ቅል ውሃ፣ ለእግሩ ማሻ ቅቤ አሰናዳች። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዘውዱ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ሸንበቆ ጫፍ ሰክቶ፣ ሸንበቆውን እንደ ጦር ሽቅብ ይዞ ወጣ። የአካሄዳቸው ደንብ ቀላል ነው። እሱ ገደሉን በእግሩ ይቆርጣል፤ እሷ በቅሎዋን እየነዳች ዙሪያውን በአፋፉ ትሄዳለች፤ ከገደሉ ማዶ ቀድማ ትጠብቀዋለች።

መጀመሪያ የተገናኙት ከገሳይ ወዲያ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋላት፤ ለገረድ እንደሚዘረጋ። ቅቤውን ስታወጣ ወዲያው ሰበሰበው።

«በሁዳዴ ቅቤ? ልታረክሺኝ ነው?»

«እግር አይበላ! በቆዳ የሚጾም ማን አየ?»

«እኔ እጾማለሁ። የሙላቴ ቤት ጾም እንደማያውቅ አውቃለሁ።»

«የሙላቴን ስም አታንሣ። ተዝካሩን ስትበላ እንኳ ዓይንህ መሬቱ ላይ ነበር።»

ከተልባው በውሃ ለውሳ ተረከዙን አሸችው። ተረከዙ እንደ በጋ ዋልካ ተሰነጣጥቋል። እጇ በጠላቷ እግር ላይ ሲሄድ ከሞት ሌላ የምትመኝለት እንዳልነበረ፣ ግን ጣቷን ቀስ እያደረገች ታሸው እንደነበር፣ ኋላ ለልጇ ነግራታለች። እግሩ መሬቷ ነበር።

ሰዓቱን የምትለካው እሷ ናት። እሱ ከቆመ ጅማቱ ይቀዘቅዝበታል። የደብራቸው መሪጌታ ለመጋቢት የሰጡት ልክ ሰባት ጫማ ነው፤ የሰው ጥላ በራሱ እግር ሲለካ ሰባት ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ ይባላል፤ ጾመኛም እህል ይቀምሳል። ፈንታነሽ ሜዳ ፈልጋ ቀጥ ትላለች፤ የጥላዋ ራስ ያረፈበትን ጠጠር በዓይኗ ትይዛለች፤ ከዚያ ተረከዟን ከአውራ ጣቷ እያስነካች እስከ ጠጠሩ ትቆጥራለች። ሰኞ ዕለት በሐቅ ቆጠረች። ዘውዱ ሰባት እስኪሞላ አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ ይተፋ ነበር እንጂ አልዋጠም። ሰባት ሲሞላ የጠጣው ውሃ ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ሁለተኛ ስትሰጠው ቅሉን ከእጇ መንጭቆ ቀማት።

«አታጉርሺኝ። ሕፃን አይደለሁም።»

«ሕፃንስ ያመሰግናል።»

ያን ሌሊት ነፋስ መውጫ አጠገብ በአንድ የከብት በረት አደሩ፤ እሱ በወዲያ ጥግ፣ እሷ በወዲህ፣ በቅሎዋ በመካከል።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ፈንታነሽ ጨጨሆ ዐቀበት ሥር ደርሳ ጠበቀችው። የመጨረሻው ዐቀበት ነው። ከሱ ወዲያ ዋድላ ሜዳ ነው፤ ሰፈሩም ከሜዳው ማዶ አለ። ዘውዱ ከገደሉ ሲወጣ አየችው። አይሮጥም። ሸንበቆው ከትከሻው አዘቅዝቆ ደብዳቤው መሬት መሬት ይላል። አጠገቧ ሲደርስ በጎኑ ወደቀ። ከንፈሩ ነጭ ነበር።

«ተነሥ።»

ትከሻውን ነቀነቀችው።

«ተነሥ አንተ! ፀሐዩ እየሄደ ነው።»

«ስንት ጫማ ነው?» አለ። ድምፁ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ሳትለካ ታውቀዋለች። ቆማ ለካችው፤ አራት ጫማ ነው። ሰባት እስኪሞላ ከጠበቀ እዚያው እንደተኛ ደርቆ ይቀራል። ዐቀበቱም ሜዳውም አይገፋም።

«አልሞላም። ቢሆንም ቅመስ። እግዜር ያየሃል፤ ለመንገደኛ ይፈቀዳል።»

«ለሴት አፍ ይፈቀዳል። ለኔ አይፈቀድም።»

«ትሞታለህ!»

«እሰየው በያ። መሬቱ ላንቺም አይሆን።» ነጠላውን ራሱ ላይ ጣለ።

ፈንታነሽ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ወደ መጣችበት ተመለከተች። ጉና በሩቁ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ከሱ ሥር ጭሰኛ ነኝ ለማለት እንኳ መሬት የሌላት አንዲት ልጅ በሐሳቧ አየች። በቅሎዋን በማሰር አመካኝታ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እስቲ ልድገመው፤ መሬቱ ዘቅዝቆብኝ ይሆናል» አለችና ሁለተኛ ቆመች።

አንድ ብላ ጀመረች። ተረከዟን ግን ከአውራ ጣቷ ፊት አላሳረፈችውም፤ ከእግሯ ወገብ ላይ ነው ያሳረፈችው። ሁለት። ሦስት። ግማሽ ግማሽ ጫማ እየሄደች፣ እንደ እስረኛ በእግር ብረት፣ ሰባት ስትል ከጠጠሩ ደረሰች። የሰው ጾም ማስገደፍ የራስን ከመግደፍ እንደሚከፋ ከልጅነቷ ጀምራ ሰምታለች።

«ሰባት ሞልቷል። ቅድም ዘቅዝቆብኝ ነው።»

ነጠላው ቀስ ብሎ ተነሣ። ዘውዱ ወደ ፀሐዩ አልተመለከተም፤ ወደ ጥላው አልተመለከተም። እጁን ዘረጋ። በውሃ የተበጠበጠውን በሶ እስከ ግማሽ ጠጣ፤ አረፈ፤ ቀሪውን ጨለጠ። ቆሎ በጉንጩ ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩ ቀለም አወጣ። ተነሥቶ ሸንበቆውን ጨበጠና፣

«ጨው አብዝተሽበታል» አለ። ሄደ።

ደብዳቤው ዋድላ ሲገባ ፀሐይ ከአድማስ አንድ ክንድ ቀርቷት ነበር። የተቀበለው ሰው ሳይከፍተው ከትራሱ ሥር አስገባው።

ፈንታነሽ እንደተመለሰች ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ሀብተማርያም ሄዳ ተንበረከከች።

«ሰውየው አላወቀም?» አሉ አባ።

«አላወቀም አባቴ። እኔ ነኝ ያታለልኩት።»

«ኃጢአቱ እንግዲህ ባንቺ ነው። እስከ ሆሳዕና በቀን መቶ ስግደት።»

ሰገደች። ጉልበቷ ቆሰለ። መሬቱ ግን በወታደር አልተያዘም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የመሬቱ ሙግት ደብረ ታቦር ላይ ተቀጠረ። ዳኛው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ «ልጅቷ የሙላቴ መሆኗን እናትዬዋ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትማል፤ ከማለች መሬቱ የልጅቷ ነው» ብለው ፈረዱ። ፈንታነሽ ነጠላዋን አደግድጋ ልትወጣ ስትል ዘውዱ ጮኸ።

«መሐላዋ አይያዝብኝ!»

«ምነው?»

«ጾም አስገድፋኛለች ጌታዬ! በሁዳዴ፣ ጨጨሆ ሥር፣ አራት ጫማውን ጥላ ሰባት ነው ብላ አበላችኝ። በእግዜር ሰዓት የዋሸች በልጇ አትዋሽም?»

ሸንጎው ተንጫጫ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «የዘውዱን ጾም?» አለ፤ ሌላው አማተበ። ዳኛው ወደ ፈንታነሽ ዞሩ።

«እውነት ነው አንቺ ሴት?»

ብትክድ ወዲያው ልትምል የምትቆምበት ደጃፍ ታያት። «እውነት ነው ጌታዬ። ተናዝዤበታለሁ፤ ሰግጄበታለሁ።»

ዳኛው ጢማቸውን ያዙ። ነገሩ እንዳበቃ ለሁሉም ታወቀ። ዘውዱ ኩታውን አጣፍቶ ወደኋላው ላሉት ዘመዶቹ ዞር አለ። ድንገት ከመታመም የዳኑ ዘመዶቹ ያን ቀን ሞልተው ነበር።

«ዘውዱ» አለች ፈንታነሽ። ስሙን ስትጠራ በሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። «አራት መሆኑን በምን አወቅህ? እኔ ለንስሐ አባቴ እንጂ ለማንም አልተናገርኩ።»

«በምን አወቅህ ትለኛለች! በዓይኔ ነዋ! ከነጠላዬ ሥር ሆኜ እግርሽን ግማሽ ግማሽ ስታስኬጂው አይቼሽ—»

ቆመ።

ዳኛው ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ካየህ በኋላ ነው የበላኸው?»

የዘውዱ ፊት ያን ቀን ጨጨሆ ሥር እንደነበረው ሆነ፤ ከንፈሩ ነጣ። በአንድ በኩል ወይራ ሥር ነበር፤ ውርጭ የማያገኘው ማሳ። በሌላ በኩል ቄሶች በየሁዳዴው የሚጠሩት ስም። አዎ ካለ ስሙ እዚያው ዛፍ ሥር ይቀበራል። ሰው ሁሉ አፉን ይጠብቃል።

«አላየሁም» አለ በመጨረሻ። «ሰው... ሰው ነው የነገረኝ።»

«ማን?»

«አላስታውሰውም።»

አንዱ ሳቀ። ዳኛው እጃቸውን አነሡ። «ያላየኸውን አየሁ ብለህ ሸንጎ አታውክ። በገዛ አፏ ያመነች ሴት ናት። መሐላው ይቀጥል።»

ፈንታነሽ ማለች። ወይራ ሥር ለውዴ ጸና።

ደስታዋ ግን የተቆረሰ ነበር። እያየ ከበላ ኃጢአቱ የሁለት ነው፤ እሷ ግን የሁለቱን ሰግዳለች። ይህን ለአባ ሀብተማርያም ብትነግራቸው፣ «ያንቺ ያንቺ ነው፤ የሱን ለሱ ተይለት» አሏት። አልተወችለትም። እስከምትሞት ድረስ ስሙ ሲነሣ ትተፋ ነበር። እሱም በድንበሩ ባለፈ ቁጥር ድንጋይ በእግሩ ወደ ማሳዋ ይገፋ ነበር፤ እሷም መልሳ ትወረውርለታለች። ድንጋዮቹን ውዴ ትልቅ ሴት ከሆነች በኋላም ታስታውሳቸዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ከሌላው ሰው ለየት ይል ነበር። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ፈንታነሽ ከማሳዋ መካከል ቆማ ጥላዋን ትለካለች። ሰባት ሲሞላ ጎረቤቶቿ ወደ ማዕዳቸው ይገባሉ። እሷ ትጠብቃለች። አሥር ሲሞላ ነው የምትቀምሰው፤ ሦስቱን ጫማ እየመለሰች።

ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ዘውዱ፣ ሽበት ወርሶት፣ እግሩ አልሮጥ ብሎት፣ በሸንበቆ ተደግፎ ይቆማል። ሰላም አይላትም። ዓይኑን ከእግሯ ላይ ሳይነቅል ተረከዟ አውራ ጣቷን መንካቱን እያየ፣ አንድ በአንድ ይቆጥርባታል።