መልስ የማይሰጠው ብሬት

ብሬት ሃሊጋን አፉን የሚከፍተው ሊበላ ሲፈልግ ብቻ ነው እያልን እናማው ነበር። በከተማችን ከብላክታውን እስከ ፔንሪት ባሉት ሰፈሮች ስንት ቤት ገንብቷል፤ ስሙ የሚነሳው ግን ባለመመለሱ ነው። ስልክ አያነሳም፣ መልእክት አይመልስም፤ ፊቱ ቆመህ "ሂሳቤስ?" ስትለው ደመናውን ያያል። ፎርማኑ ሆኜ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ሥራ የጀመረው በአናጺነት ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ አንድ ተቋራጭ ላቡን ሊበላው አስቦ ዝም አለው። "ጮኽኩ፣ ለመንኩ፣ መልስ የለም። በመጨረሻ ሰለቸኝና ግማሹን ተቀብዬ ሄድኩ" ብሎ አንድ ቀን ቢራ ላይ አጫውቶኛል። ሌላ ሰው ቢሆን "እኔ በማንም ላይ ይህን አላደርግም" ይል ነበር። ብሬት ግን ዘዴውን ወደደው። ራሱ ተቋራጭ ሲሆን ቧንቧ ሠሪውንም ቀለም ቀቢውንም በዝምታ እያደከመ በግማሽ ይሸኛቸው ጀመር። የማያውቁት "ቁጥብ ሰው ነው" ይሉታል። በእነሱ ሚዛን ድንጋይም ቁጥብ ነው።

እንዲህ ሲኖር ስላቭቾ መጣ። ስላቭቾ ከመቄዶንያ የመጣ ኮርኒስ ሠሪ ነው፤ እሱንም መልአክ አላደርገውም። ወሬ ይወዳል፣ ሥራ ላይ ይጣደፋል። በሠራናቸው ቤቶች የላይኛው ፎቅ ሳሎኖች ውስጥ ኮርኒሱን በጥድፊያ ለጥፎት፣ የማታ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ጣሪያው ሁሉ ጎርበጥ ጎርበጥ ብሎ ይታያል። ግማሽ ክፍያ ቢበዛበት እንጂ አያንሰውም ነበር። ይህን ደግሞ ስላቭቾ ራሱ አልካደም።

ሂሳቡን ጠይቆ መልስ ሲያጣ፣ አንድ ጠዋት ሳይት ድረስ መጥቶ ብሬትን መኪናው አጠገብ ያዘው።

"ብሬት ወንድሜ፣ ኮርኒሱ ተጣሟል፤ እኔም ዓይን አለኝ። ግማሹን ስጠኝና እንጨባበጥ። የሠራተኞቼን ደመወዝ ካልከፈልኩ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው። ቤቴንም ባንክ ይዞታል።"

ብሬት ስልኩን እየነካካ የመኪናውን በር ከፈተ።

"ቢያንስ አይሆንም በለኝ" አለው ስላቭቾ። "ውሻ እንኳ ሲያባርሩት ሂድ ይሉታል።"

መኪናው አቧራ አልብሶት ሄደ።

የስላቭቾ ሚስት ሉፕካ ግን እንደ ባሏ ለፍላፊ አይደለችም። በነጋታው ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ጠበቃው በግንባታ ክፍያ ሕጉ መሠረት የክፍያ ጥያቄ ጽፎ ላከ፤ ጠበቃ ነውና የጠየቀው ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን ነው። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ የደረሰው ሰው ይህን ያህል እከፍላለሁ፣ ቀሪውን የማልከፍለው በዚህ ምክንያት ነው ብሎ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ካልመለሰ የተጠየቀው ሁሉ ዕዳው ይሆናል፤ ሥራው ተጣሟል አልተጣመመም የሚል ክርክር አይሰማለትም።

ወረቀቱን ይዤ ገባሁ።

"አለቃ፣ ይህችን እንኳ መልስ። ኮርኒሱ ጠማማ ነው፣ ግማሽ እከፍላለሁ በል፤ አለቀ።"

"ለስላቭቾ?"

"ለስላቭቾ።"

"እኔ ለኮርኒስ ለጣፊ ደብዳቤ አልጽፍም።"

"እኔ ልጻፈው፣ አንተ ፈርም።"

ወረቀቱን ስቦ የቡና ኩባያውን አስቀመጠበት። አሥሩ ቀን አለፈ። ኩራት እንዲህ ሲደነቁር አይቼ አላውቅም።

ስላቭቾ ከሰሰውና ብሬት ፓራማታ ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ቀረበ። ጠበቃ ለመቅጠርም ማናገር ስለሚያስፈልግ ይሆናል። እዚያ ግን ምላሱ ተፈታ። የኮርኒሱን ፎቶግራፍ እያገላበጠ ስለ ጉብታው፣ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ስላቭቾ ጥድፊያ ሲያብራራ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያልሰማሁትን ያህል ወሬ በአንድ ጠዋት ሰማሁ። የሚያሳዝነው ደግሞ ያለው ሁሉ እውነት ነበር።

ዳኛዋ አስጨርሳው ጠየቀችው፦ "ይህን በጊዜው ጽፈውለታል?"

"አልጻፍኩም።"

"ለምን?"

ብሬት ፎቶግራፎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

"እንግዲያው ሙሉውን ይክፈሉ። ስለ ኮርኒሱ ሌላ ክስ መመሥረት መብትዎ ነው፤ ገንዘቡ ግን የእሱ ነው።"

ስላቭቾ ቤቱ ተረፈለት። ደረጃው ላይ ስንወርድ ይሳለቅበታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ጠበቀው።

"ብሬት፣ ያ ኮርኒስ ያሳፍረኛል። ቅዳሜ መጥቼ በነፃ አስተካክለዋለሁ። ና በለኝ ብቻ።"

እኔ መሐል ቆሜ ጠበቅኩ። ቤት ገዢዎች ኮርኒሱን እያዩ እየተመለሱ እንደሆነ ብሬት ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ያቺን አንዲት ቃል ለማውጣት ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና አልፎን ሄደ።

በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሰው በውድ ዋጋ ቀጥሮ ኮርኒሱን አስፈረሰና አሠራው። ሰውዬው ጨርሶ ሂሳቡን ሲጠይቀው፣ ብሬት አልመለሰለትም።