ልብስ ሰፊዋ የፈራችው ወተት

ልብስ ሰፊዋ መንታ ማርገዟ ሲሰማ ደንበኞቿ «እንግዲህ የስፌት መኪናሽም መንታ ይውለድልሽ!» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ልጆቹ ግን ቀናቸውን አልጠበቁም፤ በሰባት ወራቸው መጡ። ወንዱ ቀደመ፣ ሴቷ ተከተለች። ከመዳፍ ብዙም አይበልጡም ነበርና ወዲያው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ተወስደው ማሞቂያ ውስጥ ገቡ።

ጡት ለመሳብ ገና አቅም የላቸውም። ስለዚህ እናትየው ወተቷን በእጇ እያለበች ታመጣለች፤ ነርሷ በአፍንጫቸው በገባ ቀጭን ቱቦ በጥቂት በጥቂቱ ትሰጣቸዋለች። ነርሷ የቸኮለውን ሁሉ «ቀስ በቀስ» ስለምትል ዋና ስሟ ተረስቶ «ሲስተር ቀስ በቀስ» ሆና ቀርታለች።

አንድ ጠዋት የወንዱ ሆድ ተነፍቶ ተገኘ። ወተቱ ቆመ፤ መድኃኒት ተጀመረ፤ ሐኪሞቹ ሲሯሯጡ ዋሉ። ሳይመሽ ሕፃኑ አረፈ።

ሐኪሟ እናትየውን አስቀምጣ፣ አንጀቱ ሳይጠና ስለተወለደ መታመሙን በእርጋታ አስረዳቻት። እሷ ግን የሰማችው «አንጀቱ» የሚለውን ብቻ ነው። አንጀቱ ውስጥ ምን ነበር? የኔ ወተት።

ጡቷ ግን አንዱ መሞቱን አላወቀም። ለሁለት ልጅ እንደያዘ ሞልቶ ቀሚሷን ያረጥባል። ማለቢያው ክፍል ትገባና፣ በሩን ዘግታ ታልባለች፤ ያለበችውንም መታጠቢያው ላይ ትደፋዋለች። ሴቷን ለጥንቃቄ በደም ሥሯ ብቻ ሲመግቧት ቆይተው ወተት ይጀመርላት ሲባልም «ደረቀብኝ» አለች።

አንድ ቀን ስትደፋ ሲስተር ቀስ በቀስ ደረሰችባት።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ እህቴ?»

«ተይኝ ሲስተር። አንዱን ገድሎብኛል፤ እሷን አላስነካም።»

ነርሷ አልተቆጣችም። ቧንቧውን ዘግታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ወተትሽ አልገደለውም። ለነሱ ሆድ ከእናት ወተት የሚሻል ምግብ የለንም። ከዚህ በሽታ እንኳ ከዱቄት ወተት ይልቅ እሱ ይከላከልላቸዋል።»

«ታዲያ ለምን ሞተ?»

«የእናታቸውን ወተት እያገኙም የሚያመልጡን አሉ። ለምን እሱ እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ «አላውቅም» ያላት ሰው አልነበረም። ዕንባዋ ያኔ መጣ።

ሲወጣላት፣ ነርሷ ልጅቷን ከማሞቂያው አውጥታ እናቷ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኛቻት። ከታለበው ሳይደፋ የተረፈውን በስሪንጅ ቀድታ ከቱቦው ጋር አያያዘችና ከፍ አድርጋ ያዘችው። አትገፋውም፤ ወተቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ዝቅ ባለ ቁጥር እናትየው ትንፋሿን ትውጣለች።

«አቁሚው!»

ነርሷ ስሪንጁን ዝቅ አድርጋ አቆመች፤ ጠበቀች። በዚህ መሀል ልጅቷ ከንፈሯን ታላውስ ጀመር፤ ባዶ አፏን ትመጠምጣለች።

«ምን ፈልጋ ነው?» አለች እናትየው።

«መጥባት እየተለማመደች ነዋ!»

«...በይ ቀጥይ።»

ከዚያ በኋላም ልቧ አላረፈም። ከማሞቂያው አጠገብ ተተክላ የልጅቷን ሆድ ስታይ ትውላለች። ባሏ «የምታይው እሷን ነው ወይስ እሱን?» አላት አንድ ቀን።

ልጅቷ ግን እየጠናች ሄደች። ቱቦው ወጣላት፣ ጡት ያዘች፣ ቤቷ ገባች። አንዱን ጡት ስትጠባ ሌላው ማንም ሳይነካው ይፈስሳል። አማቷ «ጎሽ፣ ወተታም!» ይሏታል። ልብስ ሰፊዋ ፈገግ ትልና ፎጣ ትደርብበታለች፤ እሷ ግን የሚፈስሰው ያኛው ልጅ ስለሚጠራው ይመስላታል። የስፌት መኪናዋን ስትረግጥም ከድምፁ ሥር የዚያ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል መሣሪያ ሲጮህ ትሰማለች። እግሯን ታነሳለች፤ ዝም ይላል። ትረግጣለች፤ ይጀምራል።

ዓመታት አለፉ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ገባች፤ ምላሷም ከእግሯ ቀደመ። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ሳለ ድንገት «እማዬ፣ ወንድሜ እኔን ይመስል ነበር?» አለቻት።

እናትየው እጇን ከገበታው ሰበሰበች። አዎ ብላ ልትገላገል ነበር፤ አልሆነላትም።

«ፊቱን በደንብ አላየሁትም ልጄ። ፕላስተርና ቱቦ ሸፍኖት ነበር። እጁን ነው ያየሁት። ጣቴን ይዞኝ ነበር።»

«አጥብቆ?»

«አጥብቆ።»

ልጅቷ መብላቷን ቀጠለች።