ሁለት ዶንግል፣ አንድ ክረምት

ይህን የምጽፈው ስለተበደልኩ ነው፤ በደሌም ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ በሞተበት ዓመት፣ ክረምቱን ሙሉ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ቡራዩ ካለው ቤቴ ደጃፍ ዝር አላሉም። አንዱ ሰበታ ነበር፣ አንዱ ሱሉልታ። ባሕር አልተሻገሩም። ሰው ሁሉ «ያለፈ ነገር ነው፣ ተይው» ይለኛል። የሚያልፈው ለበደለው ነው፤ የተበደለው ጋ ሲደርስማ ይቀመጣል።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ቁራሌው ነው። ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን እየጮኸ ሲያልፍ ጠራሁትና አሮጌውን ላፕቶፕ አወጣሁለት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ በዕድሜ እኔን ይበልጣል» ብሎ ሳቀ።

ቦርሳውን ሳራግፍ ከጎን ኪሱ ሁለት ዶንግሎች ዱብ አሉ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ዶንግል ማለት ያኔ ላፕቶፑ ጎን ሰክተን ኢንተርኔት የምናስገባባት ጣት የምታህል ዕቃ ናት። ቁራሌው እጁን ሲዘረጋ «ሰብስብ እጅህን!» አልኩት። ላፕቶፑንም መልሼ አስገባሁ። እያጉረመረመ ሄደ፤ እውነቱን ነው፣ ሥራ አስፈትቼዋለሁ።

ያኔ ገና አያት አልሆንኩም። ጉልበቴም ዓይኔም ደህና ነበር። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ግን ያሳዩኝን ነገር ሁለት ጊዜ አላስደግምም። ሴት ልጄ ሂሩት ቤሩት ለሥራ ሄዳ ስለነበር እሑድ ከሰዓት ፊቷን እያየሁ እንዳወራት ላፕቶፑን በሰው ላከችልኝ። «ኢንተርኔቱን ወንድሞቼ ያስገቡልሽ» አለች። ታላቁ ግርማ ነጩን ዶንግል ገዝቶ መጣና ፕሮግራሙን ጭኖልኝ ሄደ። ታናሹ ታምራት ይህን ሲሰማ ጥቁሩን ይዞ ከተፍ አለ።

«የሱ ይንቀራፈፋል፣ እማ። ይሄኛው ይበራል» አለና የራሱን ፕሮግራም ጫነ።

ከዚያ የአባታቸው የሰማንያ ቀን ተዝካር ደረሰ። ድንኳኑ ሥር «አባዬን ያስታመምኩት እኔ ነኝ»፣ «አንተማ ለታይታ ነው» ተባባሉ። እንግዳ ፊት ተዘላለፉ። ግርማ በፊት ለፊት በር ወጣ፣ ታምራት በጓሮ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው።

እኔ በልጆቼ መሀል አድልቼ አላውቅም። ሲያድጉ የተቀቀለ እንቁላል እንኳ የምከፍልላቸው በክር ነበር፤ ቢላዋ ያዳላል። እናም እሑድ ሲደርስ ማንኛቸውንም እንዳላስቀይም ብዬ ነጩን በግራ፣ ጥቁሩን በቀኝ ሰካሁ። ሁለት መስኮት ተከፈተ። ሁለቱም ይሽከረከራሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ከዚያ ቀይ ጽሑፍ ያወጣሉ። ሂሩት ሳትታየኝ መሸ።

ለግርማ ደወልኩና ቀዩን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበብኩለት።

«መሣሪያው በሌላ ፕሮግራም ተይዟል ነው የሚልሽ፣ እማዬ። የሱን ንቀይና ወዲያ ጣይው።»

ለታምራት ደወልኩ። «ነግሬሽ ነበር! የሱን አጥፊው» አለ።

«መጥታችሁ አስተካክሉልኛ!»

«እሺ» አሉ፣ ሁለቱም። ሐምሌ ገባ። ስደውል ግርማ «ታምራትስ ምን አለ?» ይለኛል፤ ታምራትም እንዲሁ ስለ ግርማ ይጠይቀኛል። የአንዱን ወሬ ለሌላው ማመላለስ ነውር ነው። «የሱን ራሱን ጠይቀው» እያልኩ እዘጋለሁ።

ራሴ ሞከርኩ። ነጩን ነቅዬ ጥቁሩን ብቻውን ብሰካ የነጩ መስኮት ሳልጠራው ብድግ ይልና ጥቁሩን አላሠራ ይላል። ገልብጬ ብሞክርም ያው ነው። ሰበታ ወይ ሱሉልታ ተሸክሜው መሄድ ይቻል ነበር፤ ግን ወደ አንዱ ከሄድኩ ለአንዱ ፈረድኩ ማለት ነው። አልሄድኩም።

የቡራዩ ክረምት ለብቻ አይሆንም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራስህን ሳል እንኳ አትሰማም። አንድ ሰው የሚበላው ሽሮ ምን ያህል እንደሆነ እጄ ገና አልለመደም ነበር፤ ሁልጊዜ ይተርፋል። በቡሄ ዳቦ ደፋሁና የግርማንና የታምራትን ድርሻ እኩል ቆርጬ በጨርቅ ሸፈንኩት። የበር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ፤ የጎረቤት በር ነው። ዳቦው ሲደርቅ ለጎረቤት ዶሮ ፈረፈርኩት።

በማግሥቱ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በነጠላዬ ሥር ይዤ፣ በጭቃው አምቦ መንገድ ዳር ወዳለው የጫልቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረድኩ። ጫልቱ ኮምፒውተርም ታያለች። በሩ ላይ አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብሳለች፤ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል።

«አከም ጅርቱ፣ እማማ!» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ።

«ፈያ። ይሄ ጉድ አስለቅሶኛል፣ እይልኝ።»

ከፍታ አየችው። ሁለቱንም ሰካች፣ ነቀለች፣ አጥፍታ አስነሳች።

«እማማ፣ ዶንግሎቹ ጤነኛ ናቸው። የሚጣሉት ፕሮግራሞቹ ናቸው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሁለቱም አብረው ይነሳሉ። አንዱ መስመሩን ይዞ ይቀመጣል፣ ግን አይሠራበትም። ሌላው ተይዟል ብሎ ይተዋል። የትኛውን ላስቀርልዎት?»

«ሁለቱንም።»

«አይሆንማ!»

«እንግዲያው ሁለቱንም አጥፊያቸው።»

«ወይ እማማ! ታዲያ በምን ሊገቡ ነው?» ብላ ሳቀችና ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። «ቆይ… ይሄ እኮ ይሆናል።»

ሁለቱንም ፕሮግራሞች አስወገደች። ላፕቶፑ ዶንግሎቹን የሚያውቅበትን ትንሽ ነገር ብቻ ተወች። ከዚያ ላፕቶፑ በራሱ ወደ ኢንተርኔቱ መስመር እንዲደውል አደረገችው። ነጩን ሰካች፣ ገባ። ነቅላ ጥቁሩን ሰካች፣ ገባ።

«ደስ ያለዎትን ይሰኩ፤ ብቻ አንድ በአንድ።»

እሑድ ሂሩት ብቅ አለች። ከስታለች፤ ሻሿ አዲስ ነው። ተላቀስን፣ ሳቅን።

«ወንድሞቼስ?»

«አሉ።»

«እዚያ ናቸው? ጥሪያቸዋ!»

ከኋላዬ ባዶ ወንበሮቹ እንደሚታዩ ያኔ ትዝ አለኝ። ላፕቶፑን ወደ ግድግዳው አዞርኩትና «ሥራ ወጥተዋል» አልኳት። ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ነጩን፣ አንድ እሑድ ጥቁሩን እየሰካሁ፣ ሁሌ ግድግዳውን ተደግፌ አወራኋት።

ልጆቼ የመጡት አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ በተለያየ ቀን፣ እንደ እንግዳ ብስኩት ይዘው። ኋላ ሂሩት ተመልሳ ስታገባ፣ ሠርጓ ላይ ሽማግሌ አስታረቃቸው። ዛሬ አንዱ ያለ አንዱ ቡና አይጠጣም። ያን ክረምት ግን ማንም አንስቶት አያውቅም። እኔ ይቅር ብያለሁ። ይቅር ማለትና ምክንያቱን ሳይጠይቁ መሞት ግን ለየቅል ነው።

እና ትናንት ግርማ ሲመጣ ሁለቱን ዶንግሎች ፊቱ አስቀመጥኩ።

«ያን ክረምት ለምን ሳትመጣ ቀረህ?»

ነጩን አንስቶ በጣቱ አገላበጠው። «ታምራት አንቺ ጋ ይሆናል ብዬ ነዋ። ከሱ ጋር እንዳልጋጠም።»

«አንተ አሁን ዝም በል» አልኩትና ለታምራት ደወልኩ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ጠየቅሁት።

«ግርማ አልነበረም እንዴ አንቺ ጋ?» አለ።

«አልነበረም።»

ግርማ ቀና ብሎ አየኝ። ታምራት ግን ከስልኩ ቀደመው።

«ታዲያ ብቻሽን ነበርሽ፣ እማ?»