ሁለት ትራክተር በዘጠኝ ሳጥን

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ኮሎምበስ፣ ፎረስት ፓርክ

በፈረንጆቹ 2021፣ ኦክቶበር ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ የፕላስቲክ ሳጥንና አንድ ባልዲ ብረት ፒካፔ ላይ ጭኜ ከቤቴ ወጣሁ። ሳጥኖቹ ውስጥ ተፈታተው የተቀላቀሉ ሁለት ትራክተሮች ነበሩ። ትራክተር ስል ማሳ የሚያርሰውን ግዙፉን አይደለም፤ አሜሪካኖች የግቢያቸውን ሣር የሚያጭዱበትን፣ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበትን የጓሮ ትራክተር ነው። የመንገዴ ዓላማ ከዚህ ሁሉ ብረት የትኛው የጋሼ መኮንን እንደሆነ ለይቶ የሚነግረኝ ሰው ዘንድ መድረስ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ጋሼ መኮንን ከኔ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ከወረርሽኙ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ሲያርፉ፣ አሮጌው ትራክተራቸው ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሶ ቀረ። በ2020 የምሠራበት መጋዘን ለጊዜው ሲያሰናብተን፣ እጄ ሥራ ፈትቶ አልቀመጥ ብሎኝ «ላድስልዎት፣ እንደ አዲስ ላድርግልዎት» አልኳቸው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደግሁ መካኒክ ነኝ። እሳቸውም ሰጡኝ።

እንግዲህ እኛ ጋራዥ የተማርነው አሠራር አለ። አንዱን የሞተ መኪና ለማስነሳት ሌላ የሞተ ትገዛለህ፤ ሁለቱንም እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ትፈታለህ፤ ሁሉንም በአንድ በርሜል ቤንዚን ታጥባለህ፤ ከዚያ ከክምሩ ጤነኛ ጤነኛውን እየመረጥክ አንድ መኪና ትሠራለህ። ኦሪጅናል ማለት የሚሠራ ማለት ነበር። ያንን ዘመን ሳስበው እስከ ዛሬ የእጄ ሽታ ይመጣብኛል፤ ቤንዚንና የልብስ ሳሙና። እዚህም እንደዚያው አደረግሁ። ተመሳሳይ ትራክተር በመቶ ሃምሳ ዶላር ገዛሁና ሁለቱን አንድ ላይ ዘረገፍኳቸው።

ዓመት አልፎ፣ በ2021 ነሐሴ ጋሼ ሊያዩ መጡ። ግማሹን ገጥሜዋለሁ፤ ቀለሙ ያበራል። ዞር ዞር ብለው አዩት፤ በግራ በኩል ጎንበስ ብለው ቆዩና ቀና አሉ።

«የኔ የታለ?» አሉኝ።

«ሁሉም የርስዎ ነው ጋሼ! ከሁለቱ ምርጥ ምርጡን ነው የመረጥኩልዎት» አልኩ እየሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ ወጡ፤ ሁለት ወር ቤቴን አልረገጡም። ኖቬምበር ላይ ቤታቸውን ሸጠው አትላንታ ልጃቸው ጋር ሊገቡ ነው። በልጃቸው በኩል የላኩብኝ መልእክት አንድ ብቻ ነበር፦ ስሄድ የራሴን ትራክተር ይዤ ነው የምሄደው፣ የሰው አልፈልግም። አልዋሽም፣ እንቅልፍ ነሳኝ። እዚህ አገር ስገባ ሥራ ያስገቡኝ፣ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ በመኪናቸው ያመላለሱኝ እሳቸው ናቸው። የገጠምኩትን ደግሜ ፈታሁትና አዋቂ አፈላልጌ አገኘሁ። ስነግራቸው «እኔም እመጣለሁ» አሉ፤ ከሁለት ወር በኋላ ያገኘኋት የመጀመሪያ ቃል ናት።

ሁለት ሰዓት፣ ሞርስ ሮድና ሂሊያርድ

ጋሼን ከደጃቸው አንስቼ ኖርዝላንድ ሞርስ ሮድ ላይ ከሐበሻ ሱቅ አሥር ሳምቡሳ ገዛን፤ አንዱ በዶላር ተኩል። ባለሱቁ ጭምብሉን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ቤቱን ሴል አደረጉት አሉ?» አላቸው።

«አደረግሁት። የቀረችኝ አንድ ዕቃ ናት፤ እሷንም ይሄ አጥፍቶብኝ ነው» አሉ በኔ ላይ ጣታቸውን ቀስረው። ባለሱቁ ሳቀ፤ እኔ ደግሞ ስልኬን እንደማይ ሆንኩ።

ሁለቱ ባዶ ሻንሲዎች፣ ሁሉ ነገር የሚታሰርባቸው የትራክተሮቹ ዋና ብረቶች፣ ሂሊያርድ ጓደኛዬ ግቢ ትሬለር ላይ ተቀምጠው ነበር። ትሬለሩን ስቀጥል ጋሼ በጎን ቆመው የሻንሲውን ብረት በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ በቀለበት መንገዱ በ270 ዞረን በመንገድ ቁጥር 33 ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጣን።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በሜሪስቪል በኩል

ከተማው ሲያልቅ አገሩ ሜዳ ነው። አኩሪ አተሩ ታጭዶ መሬቱ ቡናማ ሆኗል፤ በቆሎው ገና ቆሞ ደርቋል፤ በየገበሬው ደጅ ዱባ ተደርድሮ ይሸጣል። ቤንዚን ቀዳን፤ ጋሎኑ ሦስት ዶላር ከምናምን ሆኗል። ጋሼ ዋጋውን አይተው አናታቸውን ነቀነቁ።

«ይሄን መንገድ አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሼበታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ ሜሪስቪል ያለው የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ። አራት ሆነን ባንድ መኪና፣ ሂተሩ የማይሠራ። ጋቢ ደርበን ነበር የምንሄደው፤ ፖሊስ አንድ ቀን አስቁሞን ቄሶች ናችሁ ወይ አለን።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። «ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሣር እናጭዳለን። አሥራ ስምንት ግቢ ነበረን።»

«ከነሱ ከሦስቱ ጋር?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ቀስ በል እስቲ፤ ስትፈታም እንዲሁ ፈጥነህ ነው» አሉኝ። እኔ ኮሎምበስ የመጣሁት ሥራውን ካቆሙ በኋላ ስለሆነ የዚያን ዘመን ነገር አላውቅም። እትዬ አልማዝን የማውቃቸው ታመው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው።

አራት ሰዓት ተኩል፣ የሚስተር ኤርል ጎተራ

ከዋናው መንገድ ወጥተን በጠጠር መንገድ ጥቂት እንደሄድን ቀይ ጎተራ ደረስን። አፈላልጌ ያገኘሁት አዋቂ ሚስተር ኤርል ሰማንያ የተጠጉ፣ ቱታቸው በሁለት ማንገቻ የተያዘ ሽማግሌ ናቸው። በክርን ሰላም ተባባልን። ጎተራው ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ የጓሮ ትራክተሮች እንደ ፈረስ ተደርድረዋል። ባልዲውን ከመኪናው አወረድኩና «ይሄ ውዳቂ ነው፣ ለርስዎ ነው ያመጣሁት፤ ብረት ይሰበስባሉ ብለውኛል» አልኳቸው። አመስግነው ከጎተራው ጀርባ ወስደው ዘረገፉት።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ጋሼ ከኮታቸው ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጡ፤ ከትራክተሩ ጋር የተሰጣቸው መመሪያ ነው፤ ቁጥሩ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። ኤርል ሻንሲዎቹ ላይ፣ ከመቀመጫው ቦታ ሥር ካለችው የቁጥር ሰሌዳ ጋር አስተያዩና አንደኛውን ሻንሲ በነጭ ጠመኔ ምልክት አደረጉበት። ሌላኛውን በቢጫ። ቢጫው በሦስት ዓመት ታናሽ ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ያለ ትዕግሥት አይቼ አላውቅም። ኤርል እያንዳንዱን ብረት በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉና በማጉያ መነጽር ያዩታል። ፋብሪካው ብረቱን ሲያቀልጥ አብሮ ያወጣው ቁጥር አለ፤ እሱ ዓመቱን ይናገራል። ቁጥር የሌለው ከሆነ ቡሎኑ ተቀምጦበት የነበረውን ቦታ ያያሉ፤ ፀሐይ ያላገኘው የመጀመሪያው ቀለም እዚያ ተደብቆ ይገኛል። የማርሾቹን ጥርሶች ደግሞ ሁለት ሁለቱን እያጋጠሙ በጣታቸው ያዞሯቸዋል።

«እነዚህ አብረው የተበሉ ናቸው» አሉ። «ሌላ ብታጋባቸው ይጮሃሉ።»

እኔ ሃያ ዓመት ብረት ስፈታ የትኛው ከየትኛው ጋር እንዳረጀ ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ፤ እንደ ልጅነቴ አዲስ ሙያ እያየሁ ነበር። በመሐል ሳምቡሳውን በላን። ኤርል አምስቱን ብቻቸውን ጨረሱና ዋጋዬ ይሄው ነው፣ ሌላ አልቀበልም አሉ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ዘጠኙም ሳጥን ባዶ ሆኖ ወለሉ ላይ ሁለት ረድፍ ተዘረጋ፤ ነጭና ቢጫ።

«ጋሼ፣ አለቀ! አንድም ሳይለይ የቀረ የለም!» አልኩ።

ጋሼ ግን በነጩ ረድፍ ዳር ቀስ ብለው ሄዱ። ተመለሱ። የቢጫውንም አዩት። ባዶዎቹን ሳጥኖች አንድ በአንድ ገለበጧቸው።

«ሌላ የለም?»

«የለም።»

«ሁሉንም አምጥተሃል? እርግጠኛ ነህ?»

ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። ያን ጊዜ ባልዲው ትዝ አለኝ። ነገርኳቸው። ወዲያው ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ከጎተራው ጀርባ ወገብ የሚደርስ የብረት ክምር አለ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰውዬ እዚያ ጭቃ ላይ ተንበረከኩና በሁለት እጃቸው ይቆፍሩ ጀመር። «ጋሼ፣ እኔ ላንሳልዎት፣ ምንድነው የሚፈልጉት?» ብላቸው መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

ብዙ ቆይተው አንድ ፔዳል አወጡ። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ነው፤ በግራ እግር የሚረገጠው። አወቅሁት። ላዩ ላይ አራት ጣት የሚያህል ወፍራም ብረት ተበይዶበታል፤ ያስጠላኝና አንዱ ነካክቶ ያበላሸው መስሎኝ የጣልኩት እኔ ነኝ። በምትኩ ንጹሑን ገጥሜ ነበር፤ በነሐሴ ጎንበስ ብለው ያዩት እሱን ኖሯል።

ኤርል ተቀብለው ገለበጡት። «ይሄ የፋብሪካ አይደለም» አሉ። «የነጩም፣ የቢጫውም አይደለም።»

«ኖ ሰር» አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛቸው። «ዚስ ዋን ኢዝ ኦሪጅናል። ማይ ዋይፍ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ተናገሩ። «አልማዝ እግሯ አይደርስም ነበር። ቅዳሜና እሁድ የምትነዳው እሷ ናት፤ እኔ ዳር ዳሩን በእጅ ነው የማጭደው። በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ስትንጠራራ አይቼ አስበየድኩላት። አሥራ አምስት ዓመት ረገጠችው። አንተ ስትጥለው ጊዜ ምን ልበልህ?»

ብረቱን አየሁት፤ መሐሉ ጎድጉዷል፤ ጠርዙ ግን ስል ነው። ትንሽ እግር የበላው ነው። እኔ መካኒክ ነኝ ባዩ ይህን ሳላይ በባልዲ ወረወርኩት።

ኤርል ምን እንዳሉ ተርጉምልኝ አሉና ተረጎምኩላቸው። ጠመኔውን ለጋሼ ሰጧቸው፤ አንተ ምልክት አድርግበት እንደማለት። ጋሼ ጠመኔውን መለሱላቸው፤ ፔዳሉን ከነጭቃው የሰንበት ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ መልስ

በመልሱ መንገድ ላይ ከአንድ የፖም እርሻ ትኩስ ጭማቂ ገዛን። ጋሼ ወሬያቸው ተከፈተ። እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን ለአቧራው በፊታቸው ላይ ጠምጥመው ሲነዱ ፈረንጆቹ በረንዳ ላይ ወጥተው ያዩዋቸው እንደነበር፣ ጠባብ ቦታ ላይ ከሳቸው የተሻለ ይዞሩ እንደነበር፣ አንድ ጊዜ የሰው አበባ አጭደው ሁለቱም ትራክተሩን ይዘው እንደጠፉ ነገሩኝ። ሲስቁ ዓይናቸውን ያብሳሉ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «መንገዱን እይ» አሉኝ፤ ይቅርታቸው እንደሆነ ገባኝ።

ፎረስት ፓርክ ስንደርስ በራቸው ፊት ድራይቭዌያቸው ላይ አቆምኩ። «በዚህ ሳምንት ነጭ ነጩን ገጥሜ፣ ፔዳሉንም አስሬ አስረክብዎታለሁ» አልኩ።

«ለምን? ልጄ የምትኖረው አፓርትመንት፣ ሰባተኛ ፎቅ ነው» አሉ። «እዚያ ሣር የት አለ? ትራክተሩን አንተ ንዳው። እኔ የኔን አግኝቻለሁ።» ኪሳቸውን በእጃቸው ደግፈው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በኖቬምበር ሄዱ። እኔ አሁን ከሥራ መልስ የሰው ማጨጃ እጠግናለሁ፤ አሠራሬም ተለውጧል። የመጀመሪያዋን ቡሎን ከማላላቴ በፊት ባለቤቱን «የቱን እንዳልነካብህ ትፈልጋለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያ ይስቁብኛል። ቀጥሎ ጠጋ ብለው በጣታቸው ያሳዩኛል።