የአባ ይመር አግቦ

ልጅ ሳለሁ ምሽት ማለት ለእኔ የውሃ ድምፅ ነበር። ከመርሳ ወንዝ የተጠለፈው ውሃ ከሰፈራችን ራስጌ፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ሲደርስ ለሦስት ቦይ ይከፈላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ተራ የሚጠብቀውም፣ ተራ የሌለውም እዚያ ይሰበሰባል። መግሪብ ተሰግዶ ኢሻ እስኪደርስ የማሽላ አገዳ ይነዳል፣ ፋኖስ ቅርንጫፉ ላይ ይንጠለጠላል፣ ጭሱ ከብርቱካን አበባው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ፊታችን ላይ ይንሳፈፋል። ያኔ እኔ ከታላቅ እህቴ ከፋጡማ ጉያ ተወሽቄ አንዱን ጆሮዬን ለውሃው፣ ሌላውን ለአባ ይመር እሰጥ ነበር። አንዳንዴ ሁለቱ አንድ ድምፅ ይሆኑብኝና እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል፤ በማግስቱ የተረቱ ጅብ ያለውን በጆሮዬ ሰምቼው ይሁን በሕልሜ መለየት ያቅተኛል።

አባ ይመር የውሃ አባት ነበሩ። ቀን ቀን የዋርካውን ጥላ በእግራቸው እየለኩ የማን ተራ እንዳበቃ፣ የማን እንደጀመረ ይናገራሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ተረት ያወራሉ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ድንበር የገፋ ሰው ያለ እንደሆነ የሁለት ጥንዚዛዎችን ጠብ ያወራሉ፤ ከተሰበሰበው መሃል አንዱ ይስላል፤ በማግስቱ የድንበሩ ድንጋይ ወደ ቦታው ተመልሶ ይገኛል። እኔ ድንጋዩን ጥንዚዛዎቹ የመለሱት ይመስለኝ ነበር።

«አባ ይመር አግቦ ያውቁበታል» ይባል ነበርና አንድ ቀን ፋጡማን አግቦ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ሁሉም የሚሰማው፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር ነገር ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ከተረቱ ይልቅ የአድማጮቹን ፊት ማየት ጀመርኩ። ቤታችንም በአግቦ የተሞላ መሆኑ ያኔ ገባኝ። እናቴ «ይኼ ቤት መጥረጊያ የለውም እንዴ?» ስትል መጥረጊያ እየፈለገች እንዳልነበር፣ ፋጡማ ቶሎ ብላ የምትነሳው ለምን እንደሆነ ተረዳሁ። ስድብ የሰደበ ሰው ተይዞ ይጠየቃል፤ አግቦ የተናገረ ግን «እኔ ምን አልኩ?» ብሎ ይሄዳል። ይህ ብልጠት በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ ጊዜ እናቴ ታመመች። አባቴ ይዟት ወልድያ ሆስፒታል ሄደ፣ እኔና ፋጡማ ቤት ቀረን። እናቴ መኪና ላይ ስትወጣ እጄን ይዛ «ችግኞቼን አደራ» አለችኝ። ከቤታችን ጓሮ የተከለቻቸው ስድስት የብርቱካን ችግኞች ነበሩ። ተራችን የደረሰ ዕለት ፋጡማ እናቴን ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር፣ እኔም ቦይ መክፈት ለልጅ አይፈቀድም ብዬ ስለፈራሁ፣ ውሃው አለፈን። ከዚያ ቅጠሎቹ ይጠቀለሉ ጀመር። ችግኞቹ ከደረቁ እናቴም አትመለስም የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ማንም አልነገረኝም፤ እንዲሁ አመንኩት።

በዚያው ሳምንት፣ በጎረቤታችን በእትዬ ዘሃራ ተራ፣ እሳቸው የአስርን ሶላት ሊሰግዱ ቤት እንደገቡ የቦያችንን አፍ የዘጋውን ሣርና ጭቃ በእጄ ቧጥጬ አነሳሁት። ውሃው ዞሮ መጣ። ከችግኞቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ መሬቱ ሲጠጣ አየሁ፤ የእናቴ ጉሮሮ የረጠበ ያህል ተሰማኝ። መልሼ ስደፍነው ጥላው ብዙ ሄዶ ነበር። እትዬ ዘሃራ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ያለቻቸው አንዲት መደብ ሽንኩርት ናት፤ ውሃው ግማሿን እንኳ ሳያዳርስ ተራቸው አበቃ።

የዚያን ዕለት ምሽት አባ ይመር እሳቱን ቆስቁሰው እንዲህ አሉ፦ በአንድ አገር እንስሳት ሁሉ ከአንዲት ምንጭ በተራ ይጠጡ ነበር። አንድ ቀን ሚዳቋ ተራዋ ደርሶ ብትሄድ ምንጩ ጎድሎ ጠበቃት። ዳኛ ትሁን ተብላ ኤሊ ተጠራች። ኤሊም «አልመረምርም፣ አላስምልም። ውሃውን የወሰደው እግሩ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም» አለች።

ተረቱም እዚህ ላይ አበቃ። እኔ እግሬን ቀስ ብዬ ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩ። ማንም ግን እኔን አላየኝም። ሁሉም የሚያየው ሁሴንን ነበር፤ ጎንበስ ብሎ እግሩን ተመልክቶ ነበርና። ሁሴን ከውርጌሳ መጥቶ የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ፣ ዝምተኛ፣ ሚስቱ ገና የወለደችለት ሰው ነው። ረፋዱን በራሱ ተራ ሲያጠጣ ስላረፈደ እግሩ ላይ ጭቃ ነበር። ጭቃ ሲባል እግሩን አየ፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ ሁሴንን «ሰረቅህ» ያለው አንድም ሰው የለም። ግን መንገድ ላይ ሲያገኙት ከሰላምታው ቀጥሎ «ጭቃው ደረቀ ወይ?» ይሉታል። መስጊድ ደጃፍ ውዱእ ሲያደርግ አንዱ «ዛሬ እንኳ እግርህን ደህና አርገህ ታጠብ» ይለዋል፣ ሌላው ይስቃል። የተከሰሰ ሰው ይምላል፣ ምስክር ይጠራል። ሁሴን በምን ይማል? ማን ከሰሰው? እየቀጠነ፣ እያቀረቀረ ሄደ፤ ማታ ዋርካው ሥር መምጣቱንም ተወ። በሳምንቱ ሚስቱ ዕቃ እያሰረች መሆኑን ሰማን። የዘሩት ሽንኩርት ሳይደርስ፣ አራስ ልጅ ይዘው ሊሄዱ ነው።

ለፋጡማ ነገርኳት። አፌን በመዳፏ ይዛ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ። እኔ ግን ያን ቀን ምግብ አልወረደልኝም።

በማግስቱ ቀትር ላይ አባ ይመር ጥላ ሲለኩ ብቻቸውን አገኘኋቸው። በቀጥታ መናገር አልቻልኩም፤ የማውቀውም የእሳቸውን መንገድ ነው።

«አባ፣ ተረት ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ እስቲ ልጄ።»

«አንዲት ወፍ ነበረች። እናቷ ታመመችና…» ብዬ ጀመርኩ። ወፏ ከምንጩ በአፏ ውሃ ቀድታ ወሰደች፤ ጥፋቱ በሌላ ወፍ ተሳበበ። እስኪያልቅ ሰሙኝ። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው «የወፏ ስም ማነው?» አሉኝ።

«ስም የላትም።»

«አላት። ሰው አገር ሊለቅ ነው ልጄ፤ ይኼ በአግቦ አይሆንም። ስሟን ጥሪው።»

«እኔ ነኝ አባ» አልኩና አለቀስኩ።

አባ ይመር መሬት ላይ ተቀመጡ። «ያን ማታ እግርሽን ስትሸሽጊ አይቼሻለሁ። ተረቱ ለአንቺ ነበር። ዓይኔ አንቺ ላይ ስለነበር ሁሴን ጎንበስ ማለቱን እንኳ አላየሁም። ኋላ ሐሜቱን ስሰማም ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች፣ ከራሷ አፍ ይውጣ እያልኩ ዘገየሁ። አንቺ ልጅ ነሽ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉ። ሽማግሌ ሰው ሲያፍር ያየሁት ያኔ ነው፤ ፈራሁ።

ማታውን ሁሴንን ራሳቸው ሄደው ይዘውት መጡ። እሳቱ ነደደ፣ ፋኖሱ ተሰቀለ፣ ሰው ተረት ሊሰማ ተመቻቸ። አባ ይመር ግን ቆመው «ዛሬ ተረት የለም» አሉ። «ሁሴን ውሃ አልሰረቀም። እኔ ያወራሁት እሱ ላይ አረፈ፤ አውቄ ዝም አልኩ። ሁሴን፣ አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ። እናንተም በነገር ስትወጉት የከረማችሁ አውፍ ተባባሉ።»

የእኔን ስም አልጠሩም፤ ያን ለእኔ ትተውልኛል። ፋጡማ ቀሚሴን ጨብጣ ይዛ ነበር፤ አስለቅቄ ቆምኩ።

«የእትዬ ዘሃራን ውሃ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የእማዬ ችግኞች ደርቀው ነው።»

እትዬ ዘሃራ አገጫቸውን ይዘው አዩኝና «ምነው ብትጠይቂኝ፣ አፈር ስሆን?» አሉ። ሁሴን ወደ እኔ አልዞረም። ለአባ ይመር ግን ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

የታሰረው ዕቃ ተፈታ፤ ሁሴን ሽንኩርቱን እስኪያነሳ ቆየ። እናቴ ከወር በኋላ ከስታ፣ ግን በእግሯ እየሄደች ተመለሰች። ከስድስቱ ችግኞች አራቱ ጸደቁ። አባ ይመር ተረት ማውራት አልተዉም፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሰው የሚነካ ከሆነ አስቀድመው ቤቱ ሄደው ለብቻው ይናገሩት ነበር ይባላል።

ዛሬ የምኖረው ወልድያ ነው። ቦዩ ሲሚንቶ ሆኗል፤ ዋርካው ሥር ባጃጆች ጥላ ይዘው ይቆማሉ። እኔም ሴት ልጄን «ይኼ ቤት መጥረጊያ የለውም እንዴ?» እላታለሁ፤ አግቦ አልጠላሁም፤ ሰው ሳያሳፍሩ ለማረም ከእሱ የሚሻል የለም። ግን አንዳንድ ማታ፣ እንቅልፍ ሳይወስደኝ፣ ውሃው ጆሮዬ ውስጥ ሲመጣ፣ አብሮ የሚመጣው የአባ ይመር ተረት አይደለም።

የሚመጣው ሁሴን ነው። ያ ምሽት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ተራው የእሱ በነበረ ጊዜ፣ አካፋውን ተሸክሞ አጥራችን ጋ መጣና «ውሃውን ወደ እናንተ ለቅቄዋለሁ፤ ችግኞቹን አጠጪ። አብሽሪ፣ እናትሽ ትድናለች» አለኝ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም፤ የቀረ ነገር ይኖራል ብዬ፣ ቀጥሎ የሚወጋኝን ቃል ጠበቅኩ። ሁሴን አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ያን ንግግሩን እስከ ዛሬ እያገላበጥኩ አግቦ ፈልጌበታለሁ። የለበትም።