ነጭ ነጠላ በጤፍ ማሳ ላይ

ያን ሰውዬ ዛሬም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ። ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ ነበረው፤ ቢሮው ውስጥ ታይፒስት ነበረች። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። በእስክሪብቶ የሞላሁት የግጥም ደብተር አለኝ፤ በታይፕ ካልተመታ ማንም እንደማያየው ተነግሮኛል። እሱ ደግሞ ጠመንጃ ገዝቶ አደን አምሮታል። ከሲኤምሲ ወዲያ ያለው ሜዳ ላይ ሚዳቋ የምትውልበትን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ግጥም እምቢ ሲለኝ እዚያ ነው የምጋደመው። ተስማማን፤ ሚዳቋዋ አጠገብ ካደረስኩት ደብተሬን ያስመታልኛል።

ከጥምቀት በኋላ በአንድ እሑድ ረፋድ መኪናውን ዳር አቁሞ ወረደ። በቀጥታ ከቅዳሴ ነው የመጣው። ጠመንጃው በእጁ፣ ነጭ ነጠላው እንደተጣፋ። ደብተሬን ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩለት።

«ጋሼ፣ ነጠላውን እዚህ ቢተዉት? ከሩቅ ይታያል።»

«ቤተ ክርስቲያን የሳምኩበትን አንተ ልታስወልቀኝ ነው? ምራ ባክህ፣ ገጣሚው!»

አንድ ጊዜ ተናገርኩ፤ አልደገምኩም። ታላቅ ሁለቴ አይታረምም ተብዬ ነው ያደግሁት። ይሄ አስተዳደግ እስካሁን ያናድደኛል።

ሚዳቋ ሰው እንጂ ከብት አትሸሽም። የአንድ የማውቀው ገበሬ ሁለት በሬዎች በታጨደው የጤፍ ማሳ ላይ ይግጡ ነበር። ነፋሱን ፊት ለፊቴ አድርጌ በሬዎቹን ቀስ እያልኩ ከማሳው ማዶ ወደ ቆመችው ሚዳቋ ነዳኋቸው፤ እኛ ከወዲህ ጎናቸው አጎንብሰን። እነሱ ሲቆሙ እንቆማለን። እሷ ቀና ስትል ትንፋሻችንን እንይዛለን። ቀጥታ አልሄድንም፤ ዞር ዞር እያልን፣ ምንም እንደማንፈልግ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ወገቤ ተቆረጠ። በመጨረሻ ጆሮዋ ዝንብ ሲያባርር አየሁ። ያን ያህል ቀርበን ነበር።

በጣቴ አሳየሁት። ጠመንጃውን ሊያነሳ ሲል ነጠላው ከትከሻው ተንሸራተተ። ይሄኔ ሰውዬው፣ የቅዳሴ ነጠላው አፈር እንዳይነካ ብሎ፣ ከበሬው ጀርባ በላይ ብድግ አለ! በሁለት እጁ ዘርግቶ አራገፈው፤ መልሶ አጣፋው።

ሚዳቋዋ አንዴ ዘለለች። ከዚያ ሜዳው ባዶ ነበር።

«አስበረገግሃት!» አለኝ።

«እኔ?»

«ሳል አምልጦህ ነው። ሰምቼሃለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ አልሳልኩም።»

«ዝም በል! ለግጥም እንጂ ለሥራ አትሆንም።»

ለግጥም ሆኜ ተገኝቼ ቢሆን ምን ነበረበት! መኪናው ጋ ስንደርስ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፤ ደብተሬን በመስኮት ወረወረልኝ።

«ታይፒስቷ ሥራ በዝቶባታል» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

አፌ በስድብ ተሞልቶ ነበር። ቃል ያጠረኝ እንዳይመስላችሁ፤ ቤት እስኪመታ ድረስ ተሰናድቶልኝ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ነው። ጎንበስም ብያለሁ።